ሰዓቱ ወደ 1896 ዓ.ም. የተመለሰው ማኪንቶሽ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ ከየቤቱ ጢስ ጋር በሚቀላቀልበት ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ይኖራሉ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስላሳሰቡን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን። ጋሼ በ1982 ዓ.ም. ከአሜሪካ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ከመጻሕፍቶቻቸው ጋር አንድ ማኪንቶሽ ፕላስ ኮምፒዩተር ይዘው መጡ። በዚያም ኮምፒዩተር ለስድስት ዓመታት፣ ማታ ማታ፣ የኬሚስትሪ ቃላትን በአማርኛ የሚፈታ መዝገብ ሲጽፉ ቆዩ። ሥራው ሳይታተም ቀረ። መዝገቡ በ11 ፍሎፒ ዲስኮች ላይ ተቀምጦ፣ ዲስኮቹም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታሽገው፣ ኮምፒዩተሩ በጨርቅ ተሸፍኖ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ሦስት ሆነን ወደ ጋሼ ቤት የሄድነው ማሽኑን ለማድነቅ አልነበረም። በወረቀት የታተመ ቅጂ የለም፤ ዲስኮቹን ሊያነብ የሚችል ሌላ ኮምፒዩተርም በቅርብ አልተገኘም። ስለዚህ ይህ አሮጌ ማሽን ካልተነሣ የስድስት ዓመቱ ድካም አብሮት ሊቀበር ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያጋጠሙንን ችግሮች፣ ምክንያታቸውንና ያገኘንላቸውን መፍትሔ ለአንባብያን ብናቀርብ፣ በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው ጥግ አሮጌ ማኪንቶሽ ላላቸው ይጠቅማል ብለን አሰብን።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን

ጋሼ ገና በር ላይ ሳለን «ሰክቼ ላሳያችሁ?» ብለው ጠየቁን። እባክዎን ይቆዩ አልናቸው። በአሜሪካ የተሸጠ ማኪንቶሽ ፕላስ የሚሠራው በ110 ቮልት ገደማ ሲሆን በአገራችን ያለው መሥመር 220 ቮልት ነው። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ ገና ያኔ ከኮምፒዩተሩ ጋር ትራንስፎርመር ይዘው መጥተዋል። ችግሩ ትራንስፎርመሩም አሜሪካ ሠራሽ፣ ለ60 ሄርዝ የተሠራ መሆኑ ነው። የእኛ አገር መሥመር ደግሞ 50 ሄርዝ ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያመጣል? በትራንስፎርመር ብረት ውስጥ የሚፈጠረው መግነጢሳዊ ፍሰት ከቮልቴጁ ጋር ይጨምራል፤ ድግግሞሹ ሲጨምር ደግሞ ይቀንሳል። ቮልቴጁ ሳይለወጥ ድግግሞሹ ከ60 ወደ 50 ሲወርድ ፍሰቱ በ20 በመቶ ከፍ ይላል። አምራቹ ብረቱን ቆጥቦ ከሠራው ብረቱ ይሞላና ከልክ ያለፈ ጅረት መሳብ ይጀምራል። የጋሼ ትራንስፎርመር ባዶውን ሰክተነው፣ አንድም ዕቃ ሳይያያዝበት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እጅ የማያስነካ ሆነ፤ ድምፁም እንደ ንብ ቀፎ ነበር። በ50 ሄርዝ በሚሠራ፣ 200 ቮልት አምፔር በሚችል ሌላ ተካነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ ከ100 ዋት በታች ስለሚፈልግ ይህ ይበቃዋል። የኮምፒዩተሩ የኃይል ክፍል ግን ድግግሞሹ 50 ይሁን 60 ግድ የለውም፤ የመጣለትን ተለዋዋጭ ጅረት ወዲያው ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይለውጠዋልና።

እዚህ ላይ ለሌሎች ማኮች ባለቤቶች አንድ ነገር እንጨምር። ፓወር ማክ ጂ3 እና ጂ4 የሚባሉት ቋሚ ሣጥኖች ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አላቸው። ከውጭ በስጦታ የመጣ ማሽን መቀየሪያው 115 ላይ እንዳለ ሶኬት ውስጥ ቢገባ የሚከተለው ፍንዳታና የተቃጠለ ሽታ ነው። ከመሰካት በፊት ኋላውን መመልከት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ባትሪውና የቀን መቁጠሪያው

በማኪንቶሽ ፕላስ ጀርባ ከማብሪያው በላይ ትንሽ ክዳን አለች። ክዳኗን ስትከፍቱ ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው የ4.5 ቮልት ባትሪ ይገኛል። የጋሼ ባትሪ ፈስሶ ነጭ ዱቄት አብቅሏል። ይህ የአልካላይን ባትሪ በመሆኑ የሚፈሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል። የምናጸዳበትን ስንፈልግ ጋሼ ወደ ጓዳ ገቡና ሎሚ ይዘው ተመለሱ። «ቤዝ በአሲድ ነው የሚገታው፤ ይህንን ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያለሁ» አሉን። በሎሚ የረጠበ ጥጥ፣ ቀጥሎ በውኃ የረጠበ፣ ከዚያ ደረቅ። ሥራው አለቀ።

ባትሪ ያለቀበት ማኪንቶሽ ሲበራ ቀኑን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1904 ብሎ ይጀምራል። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1896 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ዐፄ ምኒልክ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ የምድር ባቡሩም ገና ከድሬዳዋ አላለፈም። ጋሼ ይህንን ሲሰሙ ከልባቸው ሳቁ።

ለመሆኑ ለምን 1904? ማኪንቶሽ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ ነው። በግሪጎርያን አቆጣጠር 1900 አራት ዓመት እየጠበቀ ከሚመጣው ሕግ ውጪ የሆነ፣ ተጨማሪ ቀን የሌለው ዓመት ነው። ከ1904 ከተጀመረ ግን እስከ ቆጠራው ፍጻሜ ድረስ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን መጨመር ብቻ ይበቃል። ይህ ደግሞ በጳጉሜን የምንኖርበት የእኛው ሕግ ነው፤ የባሕረ ሐሳብን ስሌት የሚያውቅ ሰው የማኪንቶሽን ሰዓት ለመሥራት አይቸገርም ነበር። ቆጠራው በ32 ቢት ስለሚያዝ እስከ 4,294,967,295 ሰከንድ ብቻ ይደርሳል። ይህም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2040፣ ማለትም ጥር 28 ቀን 2032 ዓ.ም. ላይ ይሞላል።

የባትሪ መድከም በማኪንቶሽ ፕላስ ላይ ሰዓቱን ከማሳሳት ያለፈ ጉዳት የለውም። በኋላ በመጡት ግን ነገሩ ይከፋል። ኤልሲ 475ን የመሳሰሉ ሞዴሎች ባትሪያቸው ሲሞት ድምፅ አሰምተው ይነሡና ምስል አይሰጡም። ሰው ስክሪኑ ተበላሸ ብሎ ይጥላቸዋል፤ የሚያስፈልጋቸው ግን የ3.6 ቮልት ሊትየም ባትሪ ብቻ ነው። ይኸው ሊትየም ባትሪ ውስጡ ሲፈስ የዋናውን ሰሌዳ የመዳብ መሥመር ይበላል። ስለዚህ ማሽኑን የማይጠቀምበት ሰው ባትሪውን አውጥቶ ያስቀምጥ።

ነጩ መስመር

ባትሪውን ጨርሰን ማሽኑን አበራነው። የታወቀችው አጭር ድምፅ ተሰማች፤ ይህም ዋናው ሰሌዳ ሕያው መሆኑን ይነግራል። በስክሪኑ ላይ ግን የታየው ከላይ እስከ ታች የተሠመረ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ነበር።

መስመሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። ብርሃን ካለ የኤሌክትሮን ጨረሩ ይወጣል፣ ከፍተኛው ቮልቴጅም አለ ማለት ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቆመ ጨረሩን ወደ ላይና ወደ ታች የሚመራው ክፍል ይሠራል። የጠፋው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚጎትተው ነው። በእነዚህ ትናንሽ ማኪንቶሾች ላይ የዚህ ጉድለት ተጠርጣሪ የታወቀ ነው፤ በአናሎግ ሰሌዳው ላይ የጥቅልሉ ሽቦ የሚሰካበት ማያያዣ ብየዳው ይሰነጠቃል። በዚያ በኩል ብዙ ጅረት ያልፋል፣ ብየዳው ይሞቃል፣ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። ብረትና ቆርቆሮ እኩል ስለማይለጠጡ ከብዙ ሺህ ጊዜ በኋላ በእግሮቹ ዙሪያ እንደ ቀለበት የሆነ ስንጥቅ ይወጣል።

ሣጥኑን ለመክፈት የሚያስፈልገው ካቻቢቴ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ ቁጥሩ 15 የሆነና እጅግ ረጅም ነው፤ ሁለቱ ብሎኖች ከመያዣው በታች ባለ ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ናቸውና። በመገናኛ አካባቢ ባሉ ሱቆች አጭሩ ሞልቷል፣ ረጅሙ የለም። አጭሩን ገዝተን በአንድ ጋራዥ የብረት ዘንግ አስበየድንበት። መልኩ አስቀያሚ ነው፤ ይሠራል።

አሁን የምንጽፈውን አንባቢ እንዳያልፈው እንለምናለን። በእነዚህ ማሽኖች የስክሪን ቱቦ ላይ ከ10,000 ቮልት በላይ ይጫናል፤ ማሽኑ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። እኛ ራሳችን አልነካነውም። ከሾላ አካባቢ የአሮጌ ቴሌቪዥን ጥገና የሚሠሩ ባለሙያ ጋበዝን። ማኪንቶሽ አይተው አያውቁም ነበር፤ ጀርባውን ሲያዩ ግን «ይሄማ ትንሽ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነው» አሉ፤ ልክም ነበሩ። ቱቦውን ከመሬት ሽቦ ጋር አገናኝተው ቻርጁን አወጡ፤ በአጉሊ መነጽር ሰሌዳውን አይተው አራት የተሰነጠቁ እግሮች አሳዩን፤ በካውያ አድሰው በየዷቸው። በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሦስት ቀን የሚወስድብንን ሥራ በሃያ ደቂቃ ጨርሰውታል።

ሣጥኑ ተከፍቶ ሳለ ጋሼን ወደ ውስጠኛው የፕላስቲክ ጀርባ እንዲመለከቱ ጋበዝናቸው። የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ የሠሩት ሰዎች ፊርማ በፕላስቲኩ ላይ ታትሞ ይገኛል። ጋሼ ለሠላሳ ምናምን ዓመት አብሯቸው የኖረ ዕቃ ውስጥ ያን ያህል ስም መኖሩን አያውቁም ነበር።

ጥፋቱ የከፍታው ነውን?

ብዙ ሰው በአዲስ አበባ ኮምፒዩተር የሚበላሸው «አየሩ ስለሳሳ ነው» ይላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ስላለው ጥቂት እንቆይበት።

የጋሼ ሰፈር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያንሳል፤ ሽንብራ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጅበትም ምክንያት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲወጣ ድምፅ እንዳይኖረው ተብሎ ማራገቢያ አልተደረገለትም፤ ፕላስም እንዲሁ ነው። የሚቀዘቅዘው ሞቃት አየር ራሱ ወደ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለው ተፈጥሯዊ ዝውውር የሚወሰደው ሙቀት በግምት የአየሩን እፍጋት ካሬ ሥር ይከተላል። እፍጋቱ ወደ 0.76 ቢወርድ የማቀዝቀዝ አቅሙ ወደ 0.87 ይወርዳል፤ 13 በመቶ ያህል ጠፋ ማለት ነው። ነገር ግን የየካ አየር ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ማሽኑ በጅቡቲ ጠረፍ ላይ ቢቀመጥ አየሩ የወፈረ ቢሆንም ሙቀቱ ይብስበት ነበር። ስለዚህ በእኛ ግምት የጋሼን ብየዳ የሰነጠቀው ዕድሜና የተሸፈነበት ጨርቅ ነው፤ ጋሼ እየሠሩ ሳለ አቧራ እንዳይገባ ብለው ከላይ ያሉትን የአየር መውጫዎች ይሸፍኑ እንደነበር ነግረውናል።

ከፍታው በእርግጥ የሚከፋው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ብልጭታ ነው። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ3,000 ሜትር ላይ በሽቦዎች መካከል ያለው ክፍተት እስከ 2,000 ሜትር ከሚበቃው በ1.14 እጥፍ እንዲሰፋ ያዛል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው አሮጌ ስክሪን አቧራና የክረምት እርጥበት ሲጨመርበት «ጭስ ጭስ» የሚል ድምፅ የሚያሰማው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሐርድ ዲስክ ነው። የሐርድ ዲስክ አንባቢ ራስ ሳህኑን አይነካም፤ ከአንድ ማይክሮ ሜትር በታች በሆነ ከፍታ በአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። ዲስኩ ታሽጓል ብለን ብናስብም አየር የሚያስገባ ማጣሪያ ያላት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይሟሽሻል፤ ራሱም ወደ ሳህኑ ይቀርባል። አፕል በ2000ዎቹ ለሸጣቸው ለብዙዎቹ ማኮች የፈቀደው ከፍታ 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,048 ሜትር ነው። የካ በሙሉ ከዚህ በታች ነው ለማለት ግን አይቻልም፤ የእንጦጦ ሸንተረር ከዚያ ያልፋል። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የቆሙት 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ኮከብ ሊቆጥር የሚወጣ ተማሪ፣ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ቢያስገባለት ይሻላል። ፍሎፒ ዲስክ ግን ከፍታ አያውቅም፤ ራሱ ፊልሙን ነክቶ ነው የሚያነበው።

አሥራ አንዱ ዲስኮች

ምስሉ ከተመለሰ በኋላ ዲስክ አስገባን፤ አልወጣም አለ። የዲስክ ማስወጫው ግሪስ በዓመታት ብዛት ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ቀጥ ያደረግነውን የወረቀት ማያያዣ በትንሿ ቀዳዳ ሰድደን አወጣነው፤ ማንበቢያውን ፈትተን አሮጌውን ግሪስ ጠርገን አዲስ ቀባን። የማንበቢያውን ራስ ለማጽዳት የጋሼ የልጅ ልጅ አረቄ አመጣ። ልጁን አመስግነን መለስነው፤ አረቄ ውኃና ሌላም ብዙ ነገር ስላለው ራሱ ላይ ይደርቃል። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አይሶፕሮፒል አልኮል ይሻላል።

ዲስክ ከማስገባት በፊት ሦስት ነገር አየን። የብረት መዝጊያውን ገፋ አድርገን ፊልሙን በብርሃን ስንመለከት በሰባተኛውና በአሥረኛው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አገኘን፤ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ያለበት ዲስክ ሲሽከረከር ራሱ ይፋጨዋል፤ ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክም ያበላሻል። ስለዚህ ሁለቱን ለይተን አስቀመጥን። በቀሩት ላይ የመጻፊያ መከልከያውን ከፍተን ኮምፒዩተሩ እንዳይጽፍባቸው አደረግን።

አንባቢ «በተራ ፒሲ ለምን አላነበባችሁም?» ይል ይሆናል። የፒሲ ማንበቢያ በደቂቃ 300 ጊዜ ብቻ ይሽከረከራል። የድሮው ማኪንቶሽ ማንበቢያ ግን ራሱ ወደ ውጭ ሲሄድ እየዘገየ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ እየፈጠነ፣ ከ394 እስከ 590 ዙር ይለዋውጣል። በውጨኛው ዙር 12፣ በውስጠኛው 8 ክፍልፋይ እያስቀመጠ በሁለቱም ገጽ 819,200 ባይት ይይዛል። ተራው ፒሲ ይህን ሲያይ ዲስኩ ባዶ እንደሆነ ያህል «ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ «አዎ» ያለ ሰው ሁሉንም አጣ።

ያገኘነው መንገድ ተከታታይ መሥመሩ ነበር። ከዲስኮቹ በአንዱ ላይ ጋሼ በተማሪነታቸው በሞደም ይገለገሉበት የነበረ ፕሮግራም ተገኘ። በኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተን በሰከንድ 9,600 ቢት ልከናል። ሙሉ ዲስክ ቢሆን ከ14 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በአምስተኛው ዲስክ መካከል መብራት ጠፋ። መብራት ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ ከመጥፋቱ ይብሳልና ወዲያው ሶኬቱን ነቀልን፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ጀመርን። ፋይሎቹን የላክነው ማክባይነሪ በሚባለው ዘዴ ነው። የማኪንቶሽ ፋይል ሁለት ክፍል ስላለው በሌላ መንገድ ሲቀዳ አንደኛው ክፍል ይቀራል።

ፊደሉስ?

ዘጠኙ ዲስኮች ተነበቡ። ላፕቶፑ ላይ ስንከፍታቸው ግን የታየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነበር። በዚያን ጊዜ ለግዕዝ ፊደል የጋራ ኮድ አልነበረም፤ በዩኒኮድ ውስጥ 345 ቁምፊዎች ሆኖ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የፊደል ሠሪዎች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ሥዕል ያስቀምጡ ነበር። አንድ ፊደል ስብስብ ከ256 ቦታ አይበልጥም፤ የማይነኩት ሲቀነሱ ከዚያም ያንሳል። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ የጋሼ ማሽን ላይ ፊደሉ በሁለት ስብስብ ተከፍሏል። በአንደኛው «ለ» የሆነው ኮድ በሁለተኛው «ሏ» ነው።

እዚህ ላይ ልንሳሳት ጥቂት ቀርቶን ነበር። ፋይሉን በ«ጽሑፍ ብቻ» መልክ አስቀምጦ መቀየር ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን የትኛው ፊደል ከየትኛው ስብስብ እንደሆነ የተጻፈው በቅርጹ መረጃ ውስጥ ነው። ቅርጹ ከተጣለ «ለ»ንና «ሏ»ን የሚለይ ነገር አይቀርም። ዋናውን ፋይል ሳንነካ፣ ጋሼ ከትንሿ ስክሪን እያነበቡልን፣ እኛ ኮዱን ከዩኒኮዱ ፊት ለፊት እየጻፍን ሁለት ቀን ሠራን። በሦስተኛው ቀን «ውሁድ» እና «ድብልቅ» የሚሉት ቃላት ከነፍቺአቸው በላፕቶፑ ላይ በንጹሕ ግዕዝ ፊደል ወጡ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ይህች ፍቺ ትንሽ ትስተካከላለች» አሉ።

ሰባተኛውና አሥረኛው ዲስክ ከደረቅ ማድረቂያ ጋር በታሸገ ዕቃ ውስጥ ናቸው። የዲስኩን መግነጢሳዊ ምልክት እንዳለ የሚቀዳ ግሪስዊዝል የተባለ ትንሽ ሰሌዳ ከውጭ እስኪመጣልን እንጠብቃለን፤ ሻጋታው ግን አስቀድሞ በጥንቃቄ መታጠብ አለበት። ጋሼ አልጠበቁም። ለመጨረሻ ጊዜ ስንሄድ አሥረኛው ዲስክ ላይ የነበሩትን ቃላት ከትዝታቸው በደብተር እየጻፉ አገኘናቸው፤ አርባ ሁለት ደርሰዋል።